ከፊሽካ እስከ ፊሽካ

ደብተሩ ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ ባለ መስመር፣ ለአንደኛ ክፍል ልጅ የሚገዛ ዓይነት ነው። እያንዳንዱ ገጽ አንድ የኳስ ሜዳ ነው። ሜዳው የት እንደሆነ፣ ማን ከማን እንደተጫወተ፣ ስንት ለስንት እንደተለያዩ፣ አየሩ እንዴት እንደነበረ፣ ስንት ሰው ቆሞ እንዳየ ይጻፍበታል፤ ውሻ ከነበረም ውሻው ይቆጠራል። ከገጹ ግርጌ ሁለት ትንንሽ ሳጥን አስምሬያለሁ። የግራው የጋሼ፣ የቀኙ የእኔ። ጨዋታውን ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው ፊሽካ በዓይኑ የተከታተለ ሰው ሳጥኑ ውስጥ ምልክት ይገባለታል። አርፍዶ የደረሰ፣ ቀድሞ የሄደ፣ መሐል ላይ ሻይ ሊገዛ ዞር ያለ ሰው ሳጥኑ ባዶ ይቀራል።

ጋሼ የምላቸው፣ ኦስሎ ውስጥ ትሮስተሩድ በሚባል ሰፈር ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ይኖሩ የነበሩ ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሠርተዋል፤ ለፋብሪካውም ቡድን በግራ ክንፍ ተጫውተዋል። አማርኛቸው የዚያን ጊዜ ነው። ኦስሎ ከገቡ በኋላ ብሪን በሚገኝ የልብስ ማጠቢያ ድርጅት የሆቴል አንሶላ ሲያጥፉ ኖረው ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደማያውቁት ሰፈር እየሄዱ የማያውቁት ቡድን ሲጫወት ያያሉ። ትልልቆቹን ቡድኖች አይፈልጓቸውም። «እነሱንማ ቴሌቪዥን ያያቸዋል፤ እነዚህን ማን ይያቸው?» ይላሉ።

አንድ ቀን በሬን አንኳኩ። ስኳሩ ዓይናቸውን እየጋረደው ስለነበር ጋዜጣው ላይ ያለው የጨዋታ ሰዓት አልነበብ ብሏቸው ነው። አነበብኩላቸው። በሳምንቱ ደብተሩን ይዘው መጡ።

«ጓለይ፣ ጽሕፈትሽ እንዴት ነው?» አሉኝ። ጓለይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ በሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም።

ጽሕፈቴ ጥሩ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ስድስት ዓመቴ በማታ ትምህርት ነው፤ ዘግይቶ የተማረ ሰው ደግሞ አንዲት ፊደል ስትጎድል ያመዋል። በዚያ ላይ ሥራዬ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተመለሱ መጻሕፍትን በየቦታቸው መደርደር ነበር። አንድ መጽሐፍ በአንድ ጣት ርቀት ከቦታው ከተዛነፈ ለዓመታት ይጠፋል። እናም የጋሼን ደብተር ሳገላብጥ «ብዙ ሰው»፣ «ጥሩ ጎል»፣ «ወደ ማታ ገደማ» የሚሉትን አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ።

«ብዙ ሰው ማለት ስንት ነው፣ ጋሼ?»

«ብዙ ነዋ!»

«አሥር ነው? አርባ ነው?»

«ኧረ አንቺ ልጅ! አንቺ ዳኛ ብትሆኚ ኖሮ በዓለም ላይ እግር ኳስ የሚባል አይኖርም ነበር።»

ደንቦቹን የጻፍነው ያን ዕለት ነው። አንደኛው፣ ከፊሽካ እስከ ፊሽካ፤ ይህ የእሳቸው ነው። ሁለተኛው፣ ዳኛ ያለው ጨዋታ እንጂ ልምምድ አይቆጠርም፤ ይህም የእሳቸው ነው። ሦስተኛው የእኔ ነው። አንድ ክለብ የሣር ሜዳና የፕላስቲክ ሜዳ ጎን ለጎን ካሉት፣ ሜዳው ሁለት ነው፤ አንዱን ማየት ሌላውን እንደ ማየት አይቆጠርም። ጋሼ ሦስተኛውን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቢሆንም «ደንብ ከሆነ ደንብ ነው» ብለው ፈረሙበት።

አራት በጋ እንዲህ ዞርን። በአራተኛው፣ መስከረም ላይ፣ እኛ ካወጣነው የኦስሎ ዝርዝር አንድ ሜዳ ብቻ ቀረ፦ የፕሪንስዳል ሣር። ከአጠገቡ ያለውን ፕላስቲክ ሚያዝያ ላይ አይተነዋል። የእኔ ደንብ ባይኖር ደብተሩ ያኔ ሞልቶ ነበር።

ሐኪሙ ለጋሼ ክረምቱ ሳይወጣ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር ዓይናቸው እንደማይሠራ ነግሯቸዋል። ስዊድን፣ ዬተቦሪ ያለችው ልጃቸው ማክሰኞ መጥታ ልትወስዳቸው ነው። ዕቃቸው ታስሯል። ለደብተሩ ግን የሻንጣ ኪስ አልዘጉም፤ ሞልተው ይዘውት ሊሄዱና ለልጅ ልጆቻቸው ሊያሳዩት ነው። የቀረን አንድ ቅዳሜ ነው።

ያ ቅዳሜ መስቀል ነበር፤ ለእኔ ደግሞ ረመዳን ሊወጣ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ጋሼ ነጭ ሸሚዝና ለበዓል ያወጡትን ኮት ለብሰው ደረጃው ሥር ጠበቁኝ።

«ቤተ ክርስቲያን አይሄዱም?» አልኳቸው።

«ጠዋት ሄጃለሁ። ፈጣሪ ቀድሞ ያውቃል፣ ከሰዓት ኳስ ነው።»

ሳምንቱን ሙሉ ሲዘንብ ከርሞ ያን ቀን ብቻ አባርቷል። ባቡሩ ብሪን አጠገብ ሲያልፍ ጋሼ እንደ ልማዳቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ። የሠሩበትን ሕንፃ እንደማያዩት አውቃለሁ። እሳቸውም እንደማውቅ ያውቃሉ። «አለ?» አሉኝ። «አለ» አልኩ። ከባቡር ወርደን አውቶቡስ ያዝን። የጾመኛ ከሰዓት በኋላ ለስላሳ ነው፤ ድምፅ ሁሉ ከጥጥ ውስጥ እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማል፣ የበርች ዛፎቹ ቢጫ ቅጠል ከዛፉ ሳይሆን ከአየሩ የሚወለድ ይመስላል። ከሸሚዛቸው ንጣት በቀር የማስታውሰው መንገድ የለም። ኪሴ ውስጥ በሶፍት የጠቀለልኳቸው ሦስት ቴምሮች ነበሩ።

ሜዳው በኮረብታና በጥድ መካከል ነው። ከሩቅ ሣሩን አየሁት፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ አዲስ የተቀባ ነጭ መስመር ያለበት፣ ከላዩ ስስ ጉም የሚተን። ሰው ግን የለበትም። ሰዉ ሁሉ ማዶ፣ ፕላስቲኩ ዙሪያ ነው። የመግቢያው በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል። አነበብኩት። ሁለተኛ አነበብኩት። ሣሩ ስለረጠበ የወንዶቹ ጨዋታ ወደ ኩንስትግረሱ ተዛውሯል፣ ወደ ፕላስቲኩ ማለት ነው።

«ምን ይላል?» አሉ ጋሼ።

ነገርኳቸው። ኮታቸውን ቆለፉ።

ያኔ በሕይወቴ አድርጌ የማላውቀውን አደረግሁ። «ጋሼ፣ ሦስተኛውን ደንብ እንተወው። ክለቡ አንድ ነው፤ አጥሩም አንድ ነው። ዛሬ ያየነው ለሣሩ ይያዝ» አልኩ።

ወደ ድምፄ ዞሩ። የተናደዱ አልመሰሉኝም፤ ያፈሩብኝ መሰሉኝ።

«አራት ዓመት ስታስቆጥሪኝ ኖረሽ ዛሬ ለእኔ አዝነሽ ታጭበረብሪያለሽ?»

«ደንቡ የእኔ ነው። እኔው አነሣዋለሁ።»

«ፈርሜበታለሁ'ኮ። ለልጅ ልጆቼ የሐሰት ገጽ ይዤ ልሂድ? ናይ፣ ናይ፣ አይሆንም። ባዶ ከሆነ ባዶ ነው።»

በፕላስቲኩ ላይ ፊሽካ ተነፋ። ጋሼ ጀርባቸውን ለጨዋታው ሰጥተው ባዶውን ሣር ከበው ከተዘረጉት ገመዶች ወደ አንዱ ሄደው ተደገፉ። አጠገባቸው ቆምኩ። ከኋላችን ሰዎች ይጮሃሉ፣ ከፊታችን ጉም ይተናል። እንዲህ ሆነን ምን ያህል እንደቆምን አላውቅም፤ ይህን ባለመቁጠሬ ዛሬም ይገርመኛል።

ቦቲ ጫማ ያደረገ፣ እጁ ላይ የደረቀ ነጭ ቀለም ያለበት ሰውዬ መጣ። የሜዳው ጠባቂ ነው። «ጨዋታው በዚያ በኩል ነው» አለን በኖርዌይኛ፣ እንደጠፋን ገምቶ።

ጋሼ በዚያች በተሰባበረች ኖርዌይኛቸው «አውቃለሁ። እኔ የመጣሁት ለሣሩ ነው» አሉ።

ሰውዬው አያቸው። ነጭ ሸሚዛቸውን፣ የበዓል ኮታቸውን፣ ከዚያ ሣሩን። «ለሣሩ?»

«ያ፣ አዎ። ለሣሩ።»

«ሃያ ዓመት አጨድኩት» አለ ሰውዬው ቀስ ብሎ። «ሰው ለኳሱ ይመጣል። ለቫፍሉ ይመጣል። ለሣሩ የመጣ ሰው አላየሁም።» ከዚያ አገጩን እያሸ ስለ ሥሩ፣ ስለ ውኃ መውረጃው፣ በሰሜን ጥግ ስላስቸገረው አረም ነገራቸው። ጋሼ ግማሹን እንደማይሰሙት አውቃለሁ፤ ግን በየመሐሉ «ያ፣ ያ» እያሉ እንደ ዘመድ ለቅሶ አዳመጡት።

በዚህ መሐል ኮፍያ ያደረገች አሠልጣኝ አሥራ አራት የሚሆኑ ትንንሽ ልጃገረዶች አስከትላ መጣች፤ ግማሾቹ ቀይ፣ ግማሾቹ ቢጫ ለብሰዋል። ፕላስቲኩ ላይ ተራው የእነሱ ነበር፤ ወንዶቹ ወሰዱባቸው።

«እነዚህ ከከተማው ወዲያ ጫፍ ነው የመጡት» አለች ቢጫዎቹን እያሳየች። «ወላጆቹ ዱግናድ ላይ ናቸው፣ ለክለቡ በነፃ እየሠሩ፣ የቫፍሉ ሊጥ ተበጥብጧል። ምን ልበላቸው? ቫፍል በልታችሁ ተመለሱ?»

«ሣሩ ረጥቧል» አለ ጠባቂው።

«እነሱ ክብደት የላቸውም። እያቸው እስቲ፣ ድመት ናቸው።»

አንዷ ልጅ ወዲያው «ሚያው» አለች። ሌሎቹ ተቀበሏት።

ጠባቂው ሣሩን አየ። ከዚያ ጋሼን አየ። ጋሼ ገመዱን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ነጩ መስመር አፍጥጠዋል። «በሚቀጥለው ሳምንት ለክረምት እዘጋዋለሁ» አለ መጨረሻ ላይ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «ግማሹ ላይ ብቻ። እዚህኛው ግማሽ ላይ። በወርዱ።» ሄዶም ትንንሾቹን ጎሎች እየገፋ አመጣ።

«ጓለይ» አሉ ጋሼ በሹክሹክታ፣ «ግማሽ ሜዳ ሜዳ ነው ወይ?»

አሰብኩ። «ስለ ግማሽ ሜዳ የጻፍነው ደንብ የለም።»

«ዳኛስ?»

«አሠልጣኟ ፊሽካ አንገቷ ላይ አለ።»

«እንግዲያው ደብተርሽን አውጪ» አሉና እንደ ልጅ ሳቁ።

ፊሽካው ተነፋ። ሰዓቱን ጻፍኩ። ልጆቹ ሰባት ለሰባት ሆነው ውኃ በጠጣው ሣር ላይ ሮጡ፤ በሮጡ ቁጥር ከእግራቸው ሥር ብርሃን የሚመስል ነገር ይረጫል። ኳሱ ውኃ ያቆረው ቦታ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሁሉም አልፈውት ሄደው ይመለሱለታል። ምንም ድምፅ የሌለው ሆኖ ትዝ ይለኛል፤ ግን ሐሰት ነው፣ እናቶቻቸው ከቫፍሉ ጠረጴዛ ሲጮሁ ነበር። የቅቤና የዱቄት ሽታው እየመጣ ጾሜን ይነካካዋል። ጋሼ አንገታቸውን አስግገው ይከታተላሉ። እኔ በሹክሹክታ እነግራቸዋለሁ፦ ቀዮቹ ይዘዋል፣ በግራ ሄዱ፣ አንዷ ካልሲዋ ወረደባት፣ ቆማ እየሳበች ነው፣ ጎል። በእረፍት ሁለት ለሁለት ነበሩ። ቀዮቹ ሦስተኛውን ያገቡት ሁለተኛው አጋማሽ እንደጀመረ ነው።

ፀሐይዋ ከጥዱ ኋላ ገባች። ሰዓቴን አየሁ፤ ማፍጠሪያዬ ደርሷል። ዓይኔን ከሜዳው ሳልነቅል እጄን ኪሴ ሰደድኩ። ሶፍቱ ከቴምሩ ተጣብቋል። ለመላጥ ብዬ ዝቅ አልኩ፣ ቢስሚላህ አልኩ፣ የመጀመሪያዋን ቴምር አፌ ውስጥ ጨመርኩ። ያ ጣዕም ከቀኑ ሁሉ በላይ ግልጽ ሆኖ ቀርቶልኛል። ቀና ስል ልጆቹ ተቃቅፈው ቆመዋል። በርዷቸው ነው ብዬ አሰብኩ።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አሠልጣኟ «በቃ፣ መሽቷል! ቫፍል!» ብላ ጮኸች። ልጆቹ ኳሱን ሜዳው ላይ ጥለው እየተንጫጩ ወጡ።

ጋሼ ከገመዱ አልተላቀቁም። «አለቀ?»

«አለቀ።»

«ፊሽካው አልተነፋም።»

አልተነፋም። እውነታቸውን ነው። እኔ ሰው የሚያዋራኝ እንጂ ሰው የማዋራ አይደለሁም። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ እንኳ ሰው ሲጠይቀኝ በጣቴ አሳያለሁ እንጂ አልናገርም። በኖርዌይኛ ደግሞ እያንዳንዷን ዓረፍተ ነገር በልቤ ሦስት ጊዜ አርሜ ነው የምናገራት፤ ታርማ ስታልቅ ሰውዬው ሄዷል።

ገመዱን ከፍ አድርጌ ሥር ለሥር አለፍኩ። ሣሩ ጫማዬን ዋጠው። መሐል ላይ ስደርስ፣ አራት ዓመት ሙሉ ከዳር ቆሜ እንዳየሁና አንድም ሜዳ ረግጬ እንደማላውቅ ታወቀኝ።

«ይቅርታ» አልኳት አሠልጣኟን። ሳላርም ነው የተናገርኩት። «ፊሽካውን አልነፋሽውም።»

«ምን?»

«የመጨረሻውን። ካልተነፋ ጨዋታው አላለቀም። እዚያ የቆሙት ሰው… ለእሳቸው የመጨረሻቸው ነው።»

ወደ ገመዱ አየች። ጉሙ ውስጥ ነጭ ሸሚዝ ብቻ ይታያል። ከዚያ ልጆቹን በእጇ ጠራቻቸው፤ ቫፍላቸውን እንደያዙ ተመልሰው ገቡ። ፊሽካውን አፏ ላይ አድርጋ ሦስት ጊዜ፣ የመጨረሻውን አስረዝማ ነፋችው። ልጆቹ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። ማዶ፣ ጋሼም እጃቸውን አነሱ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ባዶ ነበር። ጠባቂው በወረቀት የጠቀለለልንን ቫፍል ተካፈልን። ጋሼ እንደ ሁልጊዜው «አንብቢልኝ» አሉ። አነበብኩ፦ ሜዳው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ጉሙ፣ ሃያ አንድ ተመልካች፣ አንድ ውሻ። «ቀይ ሦስት፣ ቢጫ ሁለት።»

«አራት» አሉ።

«ሦስት ነው፣ ጋሼ።»

«አራት ለሁለት። አራተኛዋን ያገባችው ያቺ ካልሲዋ የወረደባት ናት። እዚህ፣ እፊታችን። ኳሱ ውኃው ላይ ቆመ፤ በረኛዋ አለፈችው፤ ልጅቱ በእግሯ ጫፍ ነካ አደረገችው።»

«ማን ነገርዎት?»

«ማንም አልነገረኝ። አየሁት።» የቫፍሉን ወረቀት በአራት አጠፉት። «ሌላው ሁሉ ቀይ ጭስና ቢጫ ጭስ ነው። አንቺ ነሽ የነገርሽኝ። ያቺን ግን አየኋት። አንቺ ያኔ ቴምርሽን ስትልጪ ነበር።»

ያ መተቃቀፍ ትዝ አለኝ። በርዷቸው አልነበረም።

ሦስቱን ሠረዝኩና አራት ብዬ ጻፍኩ። በግራው ሳጥን ውስጥ ምልክቱን አደረግሁ፤ ወረቀቱን ሊበሳው እስኪደርስ ተጭኜ፣ በጣታቸው እንዲያገኙት። ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ አድርጌ ጣታቸውን ይዤ አስነካኋቸው።

«ያንቺስ?»

«የእኔ ባዶ ይቀራል።»

«ኧረ በፈጠረሽ! ለአንዲት ቴምር?»

«ሻይ ሊገዛ የዞረ ይላል ደንቡ። ቴምርም ሻይም አንድ ነው።»

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሹፌሩ በመስታወት አየን። ከዚያ ደብተሩን ከጉልበታቸው አንሥተው፣ በመዳፋቸው አቃንተው፣ እኔ ጉልበት ላይ አስቀመጡት።

«ገና አልሞላም ማለት ነው» አሉ። «ያልሞላ ደብተር ይዤ ድንበር አልሻገርም። አንቺ ጋ ይቀመጥ።»

ማክሰኞ ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸው።

ክረምቱ አለፈ፤ ጠባቂው ሣሩን ከፈተ፤ በቅዳሜ ጋዜጣ ላይ የፕሪንስዳልን ሰዓት አየዋለሁ፣ ጋዜጣውንም አጥፌ አስቀምጠዋለሁ። ጋሼም ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውላሉ። የልጅ ልጆቻቸው ከኋላ በስዊድንኛ ይንጫጫሉ።

«ጓለይ፣ ሄድሽ?»

«ገና ነኝ፣ ጋሼ።»

«ምን ሆኖ?»

«ረጥቧል ይላሉ።»

«እንግዲያው በሚቀጥለው ቅዳሜ እደውላለሁ» ይላሉ። ይደውላሉም።